የሃያ አራት ሰው ስም በአንድ ጆንያ ላይ

ያን ዕለት ጠዋት ሃያ አራት ሰው በአንድ ጣቴ አሳልፌ ሰጠሁ። ሳንቲም አልተቀበልሁበትም፤ ሞኝነቴ የሚለካውም በዚሁ ነው። ደህና ከሃዲ ቢያንስ ዋጋ ይደራደራል።

ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ንብረት ጠባቂ ነበርሁ። የመጋዘኑ ቁልፍ፣ የናፍጣው በርሜል፣ የማሽላው ዱቄት፣ ማጭዱም ጆንያውም በእኔ እጅ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረኝ። በጣሳው ውስጥ የሰው መታወቂያ ይቀመጣል።

ቆላውን ለማያውቅ ሰው ይኼን ልንገረው። እንቁጣጣሽ ሲያልፍ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር አጫጅ ሸሕዲ ይወርዳል። የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ከገበያው መርጦ በትራክተር ተሳቢ ጭኖ ያመጣል። ሰውየው ገና ማጭድ ሳይጨብጥ ቀለብ በልቷል፣ መኪና ተሳፍሯል። እንግዲህ ጎረቤት ካምፕ የተሻለ ይከፈላል የተባለ ዕለት ጥሎ እንዳይሄድ፣ መያዣው የቀበሌ መታወቂያው ነው። እሱ ይሰጣል፣ እኔ በደብተር ጽፌ፣ አስፈርሜ ጣሳ ውስጥ እከታለሁ፤ ሰሊጡ ታጭዶ ሲያልቅ ይወስዳል። ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም። ሕግ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅሁም። ቁልፍ የያዘ ሰው ጥያቄ አይወድም።

በዚያ ዓመት የባለሀብቱ ጸሐፊ ከጎንደር ደወለልኝ። የባለሀብቱ የእህት ልጅ ነው፤ ካምፑን ያየው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ከመኪናው አልወረደም።

"ጋሼ፣ የአጫጆቹን መታወቂያ ፎቶ እያነሡ ይላኩልኝ" አለኝ።

"ለምን?"

"ለመዝገብ ነዋ። ዘመኑ ዲጂታል ነው።"

ዲጂታል ሲለኝ ደስ አለኝ። ከማዶ ከሱዳን የመጣ ተች ስልክ ገና መግዛቴ ነበር፣ በካምፑ ካሉ ሽማግሌዎችም ተች ያለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሽማግሌውም እኔ ብቻ ነኝ። በምስጢር ጠባቂነቴም እኮራለሁ። የስልኬን መክፈቻ ቁጥር እንዳልረሳው በከሰል መጋዘኑ በር ላይ ጽፌዋለሁ። ሌባ እንዳይጠረጥር ደግሞ ከሥሩ "ይኼ የስልክ መክፈቻ አይደለም" ብዬ ጨምሬበታለሁ።

ባዶ ጆንያ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ። መታወቂያዎቹን ስድስት ስድስት አድርጌ እንደ በርበሬ ደረደርኋቸው። አቧራ የያዙትን በነጠላዬ ጫፍ ወለወልሁ። አንዷ ላብ ጠጥታ ደብዝዛ ነበር፤ እሷን በተለይ ትንፋሼን እፍ እያልሁባት እንደ መስተዋት አጠራኋት። ጆንያውን በጭቃ እንዳላቆሽሽ ጫማዬን አወለቅሁና ዳር ዳሩ ላይ ቆሜ፣ ጥላዬ እንዳያርፍባቸው ጎንበስ ቀና እያልሁ አራት ፎቶ አነሣሁ። ከዚያ ላክሁ።

የላክሁት ለጸሐፊው አልነበረም። የሰሊጥ ዋጋ ወደሚነገርበት ግሩፕ ነበር። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ከአብደራፊ እስከ ገለጉ ያለ ገበሬ፣ ደላላ፣ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ የማዶው ሰው ሳይቀር አለ። ይኼ እንዳይበቃ በድምፄም አከልሁበት፤ "ይኸውላችሁ፤ ሁሉም በእጄ ናቸው፣ አንዱም አያመልጥም።"

ወዲያው አውራ ጣት የሚያሳይ ምልክት ይመጣልኝ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት። የጎንደሩ ቢሮ በሙሉ ተነሥቶ ያደነቀኝ መሰለኝ። ሻይ ጠጣሁ።

ሻዩን ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ። መተማ ዮሐንስ ላይ የሞባይል ካርድ፣ ሽቶና የሱዳን ሻይ ቅጠል የምትሸጥ ደንበኛዬ ነች። አንደበቷ እንደ ቃሪያ ነው፤ ልቧ ግን ደግ ነው።

"አባባ፣ የሰው መታወቂያ ገበያ አወጡ እንዴ?"

"የምን ገበያ?"

"ግሩፑን ይዩት። ቶሎ ያጥፉ። እኔ ሰው ቆሞብኛል፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ያጥፉ።"

አየሁ፤ አራቱም እዚያ ተሰቅለዋል። ፎቶዎቹን በጣቴ ተጭኜ ያዝኋቸው። ስልኩም ጠየቀኝ፤ ለእኔ ብቻ ይጥፋ ወይስ ለሁሉም? እዚህ ላይ አስተዳደጌ ጉድ ሠራኝ። የሰውን ስልክ እኔ ምን አግብቶኝ እነካለሁ ብዬ አሰብሁ። ከራሴ ቤት ቆሻሻ ልጠርግ እንጂ ሰው ቤት ዘው ብዬ ገብቼ ላጥፋ? ነውር መሰለኝ። ለእኔ ብቻ አልሁት። ፎቶዎቹ ከፊቴ ጠፉ፤ ከዓለምም የጠፉ መሰለኝ። ደውዬም "አጠፋሁ" አልኋት። "ጎበዝ" አለችኝ፤ እሷም ሥራ ላይ ነበረችና አላየችም።

ሦስት ሳምንት እንደ ጨዋ ሰው ኖርሁ።

ከሃያ አራቱ አንዱ ከጎጃም የመጣ፣ አርባውን የተሻገረ ሰው ነበር። ጎጃሜው እንለዋለን። ማጭዱ ሲሄድ ድምፅ የለውም፤ ነዶው ሲቆም ግን የሱ እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል፣ ቀጥ ያለ ነው። ስልክ የለውም። አንድ ቀን "ምነው ስልክ አትይዝም?" ብለው፣ "የሚፈልገኝ ሰው ቤቴን ያውቀዋል" አለኝ። በአገሩ የእድር ዳኛ ነው። ሁለት ጎረቤት በድንበር ሲጣላ እሱ ነው የሚቀመጠው። ይኼን የነገረኝ ሲኮራ አልነበረም፤ ጥቅምት ሳይጋመስ መመለስ አለብኝ፣ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ ሲል ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሰሊጡ ቶሎ መታጨድ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ሁለት ፖሊሶች በሞተር ሳይክል መጡና ስሙን ጠሩ። አጫጁ ሁሉ ማጭዱን አንጠልጥሎ ቆመ።

ክሱ ቀላል አልነበረም። በስሙ በወጣ ሲም ካርድ አንድ ሰው ወደ ደጋው እየደወለ፣ ልጃቸው ቆላ የወረደባቸውን እናቶች እያደነ፣ "ልጅሽ በወባ ወድቋል፣ ሐኪም ቤት ነን፣ ቶሎ ላኪ" እያለ ሲያስልክ ቆይቷል። እናቶቹ ልከዋል። የቷ እናት አትልክም? ቁጥሩ ሲጣራ የወጣው በጎጃሜው መታወቂያ ነው።

"ስልክ የለኝም" አላቸው።

"ጥለኸው ይሆናል" አለ አንደኛው።

"ያልነበረኝን ከምን አንሥቼ እጥላለሁ?"

"እሱን ጣቢያ ታስረዳለህ።"

ማጭዱን መሬት ላይ አኖረና እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አያ፣ የኔ መታወቂያ እርስዎ ጋ አይደል?"

"እኔ ጋ ነው።"

"ከጣሳው አልወጣም?"

"አልወጣም።"

"እንግዲያ ማን ወሰደብኝ?"

ዝም አልሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ዝም ማለት ያለብኝ ቦታ ላይ እንኳ አውርቼ ነው የኖርሁት። ያን ዕለት ግን ማውራት ሲገባኝ ዝም አልሁ። በሁለቱ ፖሊሶች መካከል ሞተሩ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። እየሄደ "ሌባ ተብዬ ከታሰርሁ አገሬ ገብቼ በማን ላይ እዳኛለሁ?" ሲል ሰማሁት። የተናገረው ለማንም አልነበረም።

መጋዘን ገብቼ ጣሳውን ገለበጥሁ፤ ሃያ አራት። እንደገና ቆጠርሁ፤ ሃያ አራት። የሱም እዚያው አለች፤ እፍ እፍ ብዬ ያጠራኋት እሷ ራሷ። ወደ መተማ ደወልሁ።

"ልጄ፣ እስቲ ግሩፑን ወደ ኋላ ሂጂና እዪልኝ። የኔ ፎቶ አለ?"

ወደ ኋላ ሄዳ አየች። "አለ" አለችኝ። "አራቱም። አጠፋሁ አላሉኝም?"

"አጥፍቻለሁ። ለእኔ ብቻ ብዬ።"

"ለእርስዎ ብቻ?"

"የሰው ስልክ መንካት ነውር መስሎኝ ነው።"

"ያ ረቢ" አለች፤ ሳቅም ለቅሶም አለበት። "አባባ፣ የላኩት እርስዎ እኮ ነዎት። ነውሩ መላኩ ነበር።"

"ግን እኮ መታወቂያው አልተሰረቀም። ጣሳዬ ሙሉ ነው።"

"እሱ የፍየል ሌባ ነው ጉሮኖ የሚያጎድል" አለችኝ። "የስም ሌባ ምንም አያጎድልም። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ፊቱን አይቶ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ሙሉ ነኝ ብሎ ይተኛል። ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ሲም ለሚሸጥ አንድ ባለጌ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?"

ይኼን ጊዜ ገባኝ። ሰሊጥ ሳይደርሱበት ከቀረ አፉን ይከፍታል፤ ፍሬው የዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚለቀም አይደለም። ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ፎቶውን በስልኩ ይዞታል፣ ለሌላም አቀብሎታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት አባቶቼ ይኼን ስልክ ቢያዩት ኖሮ አፋፉን የት እንደሚያደርጉት አላውቅም።

ማታውን ጸሐፊው ደወለ። ወሬው ደርሶታል።

"ጋሼ፣ ነገ ፖሊስ ቢጠይቅዎ መታወቂያ አንይዝም ይበሉ" አለኝ።

"ጣሳውስ?"

"የምን ጣሳ? ጣሳ የለም። ሰውየው መታወቂያውን ራሱ ይዞት ነበር፣ የት እንዳደረገው አናውቅም። አለቀ።"

"እሱስ ይታሰር?"

"ሌባ ካልሆነ ምን ያስፈራዋል? ንጹሕ ሰው የሚደብቀው የለውም።"

እኔ በሕይወቴ ለብዙ ሰው እሺ ጌታዬ ብያለሁ። ጀርባዬ የጎበጠው በሥራ ነው እያልሁ አወራለሁ እንጂ ግማሹ እሺ በማለት ነው። ያን ዕለት ግን እሺ አላልሁም።

"አንተ ልጅ፣ ካምፕ ብታድር ኖሮ ስትታጠብ ጆንያ ትጋርድ ነበር። ጆንያ የምትጋርደው ምን ሰርቀህ ነው?"

"ጋሼ፣ ቀልዱን ይተዉት። ይኼን ነገር ከተናገሩ ቁልፉን ያስረክባሉ።"

"ቁልፉ ከባድ ነው" አልሁት፤ "ኪሴን ቀዶታል።" ዘጋሁት። ሰው ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነበር። ምን ያህል ደስ እንደሚል ማንም አልነገረኝም።

በማግስቱ ጣሳውን በነጠላዬ ቋጥሬ፣ ደብተሩን በብብቴ ይዤ በትራክተር ተሳቢ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሸሕዲ ገባሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ጣሳውን እያየ ማር የያዝሁ መሰለው። አንዲት ሴት እንዲያውም ዋጋ ጠየቀችኝ። "አይሸጥም" አልኋት፤ "አንድ ጊዜ አውጥቼው ጉድ ሆኛለሁ።"

መርማሪው ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ አባት አለኝ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥሁለት። መታወቂያው ተንሸራቶ ወረቀቱን ሸፈነው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ሰው ነው። ሃያ አራት።"

ልማዱን ነገርሁት፣ ደብተሩን አሳየሁት። ጎጃሜው መታወቂያውን ያስረከበበትን ቀን፣ ከጎኑም የጣት አሻራውን አየ። ሲሙ የወጣው ከዚያ ወዲህ፣ ለመስቀል ጥቂት ሲቀረው ነው። መርማሪው አንገቱን ነቀነቀ፤ ግን አልረካም። "ደብተር በኋላም ይጻፋል፣ አባት" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ራሴ በኋላ የጻፍሁት ደብተር አለ፤ የናፍጣው።

ከዚያ ከፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። ሲሙን ያወጣው ሰው እንደ ማስረጃ ያስገባው የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ ታትሟል። የጎጃሜው ፊት፣ ስሙ፣ ቀበሌው። ዙሪያው ላይ የጆንያ ሽመና ይታያል። በታችኛው ጥግ ደግሞ አንድ ጥቁር ክብ ነገር አለ። መርማሪው ማኅተም መስሎት ነበር።

መነጽሬን አጠጋሁ። ማኅተም አይደለም። የእግሬ አውራ ጣት ነው። ወጣት ሳለሁ የትራክተር ማረሻ ወድቆበት ጥፍሩ ጠቁሮ ለሁለት ተሰንጥቆ የቀረ ጣት ነው፤ በዚህ አገር መንታ የለውም።

"ልጄ፣ ጫማዬን ባወልቅ ትቀየማለህ?"

"ለምን?"

አወለቅሁ። እግሬን ባዶው ወንበር ላይ ሰቀልሁና ወረቀቱን አጠገቡ ያዝሁ። መርማሪው ጎንበስ ብሎ አንዴ ጣቴን፣ አንዴ ወረቀቱን አየ። ከበር ላይ ያለው ፖሊስም መጣና አየ። ሰባ ዓመት ሙሉ እግሬን እንዲህ በጥንቃቄ የመረመረኝ ሰው የለም፤ ሐኪምም ቢሆን።

"እርስዎ ነዎት ፎቶውን ያነሡት" አለ መርማሪው።

"እኔ ነኝ። የላክሁትም እኔ ነኝ። እሱ ሰሊጥ ሲያጭድ ነበር።"

"ይኼ እርስዎንም ያስጠይቃል፣ ያውቃሉ?"

"ለመጠየቅ አይደል የመጣሁት? ዝም ብዬማ ካምፕ መቀመጥ እችል ነበር።"

ስልኩን አወጣ። እሱም ግሩፑ ውስጥ አለ ለካ፤ የአባቱ የሰሊጥ ማሳ አለው። ወደ ኋላ ሲሄድ ቆይቶ አራቱን ፎቶዎች አገኘ። ጎጃሜውን አስጠራው። ሰውየው ሲገባ ዓይኑ አብጧል፤ አልተኛም። መርማሪውም ከፎቶው ሥር ያለውን ድምፅ ከፈተው፤ "ይኸውላችሁ፤ ሁሉም በእጄ ናቸው፣ አንዱም አያመልጥም።"

የራሴን ድምፅ ስሰማ የከብት ነጋዴ መሰለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ሸሕዲ ጣቢያ ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

ጎጃሜው ቀስ ብሎ "አያ፣ ድምፅዎ ያምራል" አለኝ።

"ይቅር በለኝ።"

"በስንት ሰው ፊት አወጡኝ?"

"ከሺ ሳይበልጥ አይቀርም።"

"እንግዲያ ይቅርታውም እዚያው ይሁን። በሺ ሰው ፊት ያወጡኝን እዚህ አራት ሰው ፊት አይመልሱኝም።"

ዳኛ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። እዚያው፣ ባዶ እግሬን እንደ ሰቀልሁ፣ ለግሩፑ ተናገርሁ። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ እንደሆንሁ፣ የሰዎቹ ፈቃድ እንዳልነበረበት፣ በዚያ ስም የተሠራው ማጭበርበር የሰውየው እንዳልሆነ፣ ፎቶው ያለው ሁሉ ለእኔ ብቻ ሳይል እንዲያጠፋው ተናገርሁ። መልስ መምጣት ጀመረ። የሳቀ አለ፣ "ሽማግሌ ስልክ አይያዝ" ያለ አለ። አንዱ የአህያ ምስል ላከልኝ። ይላክ። ስልኬን ግን አልሰጥም። ማጭድ እጁን የቆረጠው ሰው አያያዙን ይማራል እንጂ ማጭዱን አይጥልም።

መርማሪው ጉዳዩን ሲሙን ጃንጥላ ሥር ወደ ሸጠው ሰው አዞረው። ጎጃሜው ግን ነገሩ እስኪዘጋ በዋስ መውጣት ነበረበት። ዋስ ሆንሁ። እናም መርማሪው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"አባት፣ የመታወቂያዎን ኮፒ እንፈልጋለን።"

እጄ ኪሴ ላይ ቀረ። "የት ይቀመጣል?"

"ፋይል ውስጥ።"

"ፋይሉን ማን ያየዋል?"

"እኔ፣ ዐቃቤ ሕግ..."

"ሌላስ? ይኼ በር ይቆለፋል?"

የበሩ ፖሊስ ሳቀ። "ትናንት የሰው ጣሳ ሙሉ የበተኑት ዛሬ ለአንዷ ያስጨንቁናል?"

"ትናንት የሰው ነበረቻ" አልሁት። "የራስ ስትሆን እንዴት እንደምትከብድ ዛሬ አየሁ።" ኮፒው ሲመጣ እስክሪብቶ ጠየቅሁና በፎቶዬ ላይ አግድም ጻፍሁበት፤ "ለዚህ ዋስትና ብቻ"፣ ቀኑንም ፊርማዬንም። አገጬ ላይ አረፈ። መርማሪው አየውና ፋይሉ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ወዲህ የትም ቢሮ ኮፒ ስሰጥ እንደዚሁ ነው የማደርገው። ለማዳበሪያም ቢሆን። ያጉረመርማሉ፤ ይቀበላሉ።

ከሰዓት በኋላ ከጎጃሜው ጋር ካምፕ ተመለስን። መርማሪው ለማስረጃ የሱን መታወቂያ አስቀርቶ ወረቀት ጽፎለታል፤ የቀሩትን ሃያ ሦስት ይዤ ነበር። አጫጆቹን ሰብስቤ አንድ በአንድ በየስማቸው እየጠራሁ አደልኋቸው። ያደረግሁትንም ነገርኋቸው። አንድ የወሎ ልጅ "እኔም አለሁበት?" አለኝ። "ሁለተኛው ፎቶ ላይ፣ ከግራ ሦስተኛ" አልሁት። "ያማርሁ ነኝ?" አለ፤ ሳቁ። የሳቁት ግን ሁሉም አይደሉም። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ አላናገሩኝም፤ ልክ ናቸው።

ካቦው ግንባሩን ይዞ "ነገ ጠዋት አንድም አይገኝም" አለ። በማግስቱ ሦስት ሰው ጎድሏል። አብደራፊ የተሻለ ይከፈላል ተብሎ ነበር። መታወቂያቸውን ይዘው ሄዱ፤ መታወቂያው የእነሱ ነው፣ እግሩም የእነሱ። የቀሩት ቀሩ። ባለሀብቱ በጸሐፊው በኩል ቁልፉን ተቀበለኝ። በዚያው ቀን ከመጋዘኑ በር ላይ የጻፍሁትን ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ፈገፈግሁት፤ "ይኼ የስልክ መክፈቻ አይደለም" የሚለውን ግን ተውሁት፤ አሁን እውነት ሆኗል።

አሁን ሸሕዲ ነው የምውለው። አጫጅ በሚወርድበት ሰሞን የገበያው ዳር ላይ ቆሜ፣ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም እለፈልፋለሁ። መታወቂያ ለሰው አይሰጥም፤ ይታያል፣ ይመለሳል። ፎቶ ካነሡህ ለምን በል። የሚስጥር ቁጥርህን የሚጠይቅህ ባንክ የለም፤ ከጠየቀህ ባንክ አይደለም። ልጅህ ታሟል ብሎ የሚደውል ካለ መጀመሪያ ለልጁ ደውልለት። ደላሎቹ ሲያዩኝ "መጣ ዲጂታሉ" ይላሉ። አንዱማ ዝም ካላልህ እንዲህ አደርግሃለሁ ብሎኛል። እኔ ደግሞ እንዲህ ከተደረግሁ ቆየሁ አልሁት። ሌላ የማጣው ነገር ካለ ይንገረኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ጎጃሜው በታሰረበት ጊዜ የሱ ድርሻ ሰሊጥ ሳይታጨድ ቀርቶ አፉን ሊከፍት ደርሶ ነበር። ጓደኞቹ በወንፈል አንድ አንድ መስመር ተካፈሉለት። እኔም ማጭድ አምጡ አልሁ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ ያውም ሥራ ፈት ነኝ። "አባ፣ ይቀመጡ" አሉኝ። እንቢ አልሁ። መስመሬን ጀመርሁ፤ በአፌ እየፎከርሁ፣ በጀርባዬ እየጸለይሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ ጎንበስ ያልሁበት ቀረሁ፤ ሁለት ሰው ይዞ ዛፍ ሥር አስተኛኝ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ የኔ መስመር አልቋል። ነዶው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጎጃሜው ማጭዱን እያበሰ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"አያ፣ ግማሽ መስመር ጨርሼልዎታለሁ" አለኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"እግዜር አይደለም የሚሰጠኝ፤ ወንፈል ነው። በነሐሴ ቤቴ መጥተው ግማሽ ቀን ጤፍ አርመው ይከፍሉኛል።"

"እሺ" አልሁት፤ የአንድ እድር ዳኛ ቃል እንዴት ይታጠፋል?

ጉዳዩ ተዘግቶለት፣ መታወቂያውን ተቀብሎ አገሩ ገባ። ዘንድሮ በአገሩ ሰው በኩል ጤፉ ቡቃያው እንዳማረ ላከብኝ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይተኛል፤ ነሐሴም እንደ አምናው አለፈ። እስካሁን የግማሽ ቀን የጤፍ አረም ዕዳ አለብኝ።